ስለ በግና ስለ አርቢው ልብ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ ከጊሼ የመጡ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የዛሬው ንግግር ስለ በግ መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ የሳቁ ነበሩ። አልተቀየምንም። በዚህ አዳራሽ ስለ ሕገ መንግሥት፥ ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ሲነገር ሰንብቷል፤ ከዚያ ሁሉ ቁም ነገር በኋላ በግ ሲመጣ ፈገግ ማለት ያለ ነው። ደግሞም በከተማ አነጋገር ዝም ብሎ የመሩትን የሚከተለውን ሰው «በግ» ይሉታል። ይህን ስድብ ያወጣው ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ በግ ጠብቆ እንደማያውቅ ለመግለጽ እንወዳለን። በግ የጠበቀ ሰው ከሃያ በግ መካከል አመለኛዋን፥ ቀበጧን፥ ሰው እህል ውስጥ የምትገባውን፥ ልጇን የምትረሳውን አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከራቤልና ከዙሪያዋ የመጣን ተማሪዎች ነን። ራቤል በሰሜን ሸዋ የጊሼ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ ነፋስ፥ እህሉ ገብስና ባቄላ ነው። የመንዝ በግ የሚባለውን ደግሞ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቁመቱ አጭር፥ ፀጉሩ ረጅምና ሻካራ፥ ላቱም ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። አዋቂ እናት በግ ተመዝና ከ25 ኪሎ ግራም እምብዛም አታልፍም። ይሁን እንጂ ብርዱን፥ የሣሩን ማነስና የሆድ ትሉን ችላ የምትወልድ፥ ልጇንም የምታሳድግ ናት። ከፀጉሯ በርኖስ፥ ባናና ዝተት ይሠራል። በልግ በቀረ ዓመት፥ ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት፥ ቤቱን ከችግር የምታወጣው ይህችው በግ ናት። የጊሼ ልጅ ሆኖ ደብተሩ ወይም ጫማው ወይም የአውቶቡስ መሳፈሪያው ከበግ ዋጋ ያልወጣ ካለ እጁን ያውጣ ብንል፥ በዚህ አዳራሽ የሚነሣ እጅ አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ አበዳሪያችን ነው ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ተብለው በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ በበጉ ስም የተጠራ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

የርቢ ትምህርት ልንሰጥ አልመጣንም፤ ለዚያ መምህራን አሉን። ልንናገር የፈለግነው ስለ አርቢው ደስታና ሐዘን ነው። ምክንያቱም በትምህርታችን ውስጥ ይህ ነገር ቦታ አጥቶ አግኝተነዋል። ከመቶ ግልገል ይህን ያህል ይሞታል ተብሎ በሠንጠረዥ ይጻፋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በቁጥሩ ጠብ የለንም። ባላገሩ ግን ከመቶ ይህን ያህል ሞተብኝ ብሎ አያውቅም። «የዳልቻ ልጅ ሞተች» ነው የሚለው። የምክር ሰዎች ከተማ ለቅቀው ወደ እርሱ በሄዱ ጊዜ፥ ከመቶው ቁጥርና ከዳልቻ ልጅ መካከል ያለውን ርቀት ሳይሻገሩ ምክራቸውን ሰጥተው ይመለሳሉ። ከዚያም ገበሬው ምክር አይሰማም ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

እስቲ ከልደቱ እንጀምር። በግ አምስት ወር ያህል ታረግዛለች። የእኛ አገር በግ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው። ስለዚህ የአንዲት በግ ልደት ማለት የአንድ ዓመት ተስፋ በአንዲት ግልገል ላይ ማረፍ ማለት ነው። በክረምት ሌሊት የተወለደች ግልገል እንደሆነች እርጥብ ጨርቅ ትመስላለች። እናት ከመኝታዋ ተነሥታ ታመጣትና ከምድጃው አጠገብ በጭድ ታሻታለች፤ አፍንጫዋን በጣቷ ትጠርጋለች፤ በአፏ ትንፋሽ ትሰጣታለች። ልጆች ነቅተው ያያሉ፤ ማንም ተኙ አይላቸውም። ግልገሊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ቀና ስታደርግ በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚሰማው ደስታ በሠርግ ቤትም አይገኝም። ቀጥሎ እንገሩ ይመጣል። ግልገል እንገሩን በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለባት፤ በሽታ የሚከላከል ኃይል ከእናቷ የምታገኘው በእርሱ ነውና። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ያስረዳሉ። እናቶቻችን ግን ምክንያቱን በመጽሐፍ ሳያነቡ «እንገሩ ካመለጣት አመለጠች» ይላሉ።

አንዳንዴ ግን እናቲቱ አልቀበልም ትላለች፤ በተለይ የመጀመሪያዋ ከሆነ። ግልገሊቱ ልጥባ ስትል በግንባሯ ትገፋታለች። ይህን ጊዜ በቤታችን የሚደረገው በግልገሊቱ ጀርባ ላይ ጨው መነስነስ ነው። በጊቱ ጨው ወዳድ ናትና ትልሳታለች፤ ስትልሳት ሽታዋን ትለምደዋለች፤ ከለመደችው በኋላ ልጄ ትላለች። ይህ ዓይነቱ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ተራሮች ያሉ እረኞች፥ ግልገሏ ለሞተባት በግ እናቱ የሞተችበትን ሌላ ግልገል ሲሰጧት፥ የሞተውን ቆዳ ገፍፈው ለሕያው ያለብሱታል። በሞንጎልያ ደግሞ ልጇን የገፋችውን ግመል በዜማና በማሲንቆ መሰል መሣሪያ ያባብሏታል፤ ይህ ልማዳቸው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ይህን በሰማን ጊዜ ትንሽ ቀናን። የእኛ ጨው ነስናሾች በማንም መዝገብ አልገቡም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስረግጥ። አርቢው ለእንስሳው ያለው ፍቅር ከሥራው በተጨማሪ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፤ የሥራው መሣሪያ ነው። ማታ በጎቹ ወደ ጉረኖ ሲገቡ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አይቆጥርም፤ ፊታቸውን ያያል። አንዲቱ ጆሮዋን ጥላ ከገባች በማግስቱ በሽታዋ ሳይገለጥ ያውቀዋል። ይህን ዕውቀት የሰጠው በየቀኑ ማየት ነው፤ በየቀኑ እንዲያይ ያደረገው ደግሞ መውደዱ ነው።

ነገር ግን ይህ ፍቅር ዋጋ አለው። ዋጋው ከሁሉ የሚከብደው በሰው በግ ላይ ነው። ርቢ የሚባለውን ሥርዓት የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ለከተማ ልጆች እንንገራችሁ። የራሷ በግ የሌላት ድኻ ሴት፥ ብዙ ጊዜም ባሏ የሞተባት፥ ካለው ሰው እናት በግ ትቀበላለች። ትጠብቃለች፥ ታበላለች፥ ታዋልዳለች። የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር ትካፈላለች። ከድኽነት መውጫ መሰላል ከሆነላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አሁን በጊቱ ሞተች እንበል። ያቺ ሴት በሌሊት የተነሣችላት፥ በእጇ ያዋለደቻት፥ በስሟ የምትጠራት በግ ናት። ልታለቅስ ይገባታል። ከማልቀሷ በፊት ግን ቆዳውን ገፍፋ፥ ተሸክማ፥ ለባለቤቱ ልታሳይ ትሄዳለች፤ አልሸጥኩም፥ አልበላሁም፥ ይኸው ለማለት። በአንዱ ደጃፍ እንዲህ ያለች ሴት ቆማ አይተናል። «ጋሼ፥ ይኸውልዎ፤ እግዜር ወሰዳት» ብላ ቆዳውን መሬት ላይ ዘረጋችው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ገለበጠና ላቱን አየ። ያን ጊዜ እርሷ ፊቷን አዞረች። ሐዘንና ተጠርጣሪነት በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ሲወርዱ ምን እንደሚመስል ከዚያ ወዲህ በየትም አላየነውም።

በቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ልጅ እረኛ ሲሆን አንዲት ግልገል «ይህች ያንተ ናት» ተብላ ትሰጠዋለች። አባቶች ይህን የሚያደርጉት ልጁ መንጋውን ሁሉ በትጋት እንዲጠብቅ ነው፤ ብልሃቱም ይሠራል። ልጁ ለርሷ ሲል ሌሎቹንም ይጠብቃል። ከመካከላችን አንዱ ቦቃ የሚባል ጠቦት ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ወንድሙን ያህል ይወደው ነበር። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዓመት ሲደርስ ቤት ኪራይና ስንቅ አስፈለገ። እናቱ ጠቦቱን በገመድ ይዛ ወደ ገበያ ወረደች። ልጁ ወደ ላይኛው መስክ ሄዶ ዋለ። ማታ ሲመለስ ገመዱ ብቻ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናቱ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችውና፥ «ልጄ፥ ቦቃ ካንተ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገባ» አለችው። ይህን ለማሳቅ ብላ ነው የተናገረችው፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም። ጓደኛችን ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አትጥሩብኝ ብሎናል።

ከዚሁ ከቦቃ ነገር ተነሥተን ስለ ዘሩ መድከም እንናገር። ገንዘብ ባስፈለገ ጊዜ ወደ ገበያ የሚሄደው የትኛው ጠቦት ነው? ቶሎ ያደገው፥ ደረቱ የሰፋው፥ ላቱ የሞላው ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነውና። ቤት የሚቀረውና ሴቶቹን የሚያጠቃው ማን ይሆናል? ገበያ የማይፈልገው ከሲታው ነው። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ጥሩው ይወጣል፥ ደካማው ይወልዳል። ይህን የሚያደርገው ሰው ዘር አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። ጥሩውን በግ ሲሸጥ ምን እየሸጠ እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ከገበያ ሲመለስ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ለማሻሻል ቀድሞ ከታሰበው መንገድ አንዱ ከውጭ የመጣ ዘር ማዳቀል ነበር። እንደ ኮሪዴልና አዋሲ ያሉ በጎች በደብረ ብርሃን የበግ ርቢ ማዕከል ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅለዋል። ክብደቱ ጥሩ ነበር። የባላገሩ ዓይን ግን መልኩን አልወደደውም፤ ላቱን፥ ቀንዱን፥ ጆሮውን እያየ ይህ የእኛ በግ አይደለም አለ። በቢሮ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ አጉል መመራረጥ ይመስላል። ነገር ግን ላቱ ያላማረ በግ በበዓል ገበያ ማን ይገዛዋል? መልክ መውደድና ዋጋ ማስላት በባላገሩ ዘንድ ሁለት ነገር አይደሉም።

በ2009 እ.ኤ.አ. ግን በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ሌላ መንገድ ተጀመረ። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋሞችና ከቪየና ከመጡ ምሁራን ጋር ሆኖ፥ የመንደሩ ሰው የራሱን በግ ራሱ እንዲያሻሽል አደረገ። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ። በስድስት ወራቸው ገደማ፥ ኋላም ዓመት ሲሞላቸው ይመረጣሉ፤ ሚዛኑ የሚለው ይሰማል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ከመንደሩ የተመረጡ አርቢዎች ቀለሙን፥ ቀንዱንና ላቱን አይተው ይሰጣሉ። የተመረጠው አውራ አይሸጥም፤ የጋራ ሆኖ የሁሉንም በጎች ያጠቃል። የሌሎቹ ዕጣ መኮላሸት ወይም ገበያ ነው። በዚህ ነገር የሚያስደንቀን ሳይንሱ ብቻ አይደለም። የአንዲት ድኻ ጠቦት በአደባባይ «ይህ ይመረጥ» ሲባል ለባለቤቲቱ የሚሆነውን ክብር አስቡት። የሀብታሙ ጠቦት ሲወድቅ የሚሆነውንም አስቡት። ደስታውና ቅሬታው ከቤት ወጥቶ ሸንጎ ላይ ተቀመጠ፤ ዕቅዱም በዚያው ላይ ቆመ። ከላይ ላነሣነው ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ባላገር ለእንስሳው ከመሳሳቱ የተነሣ ራሱን መግዛት አይችልም ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው የጓሳን ነገር እንነግረዋለን። ከእኛ በስተደቡብ በመንዝ ያለው የጓሳ መሬት ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በአገሬው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለጣሪያ ክዳንና ለግጦሽ እንዲደርስ ለሦስት ዓመትና ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ይዘጋ ነበር። በጉ ከስቶ፥ የጓሳው ሣር ማዶ እያውለበለበ፥ ሰው አይቶ ያልፍ ነበር። ሥርዓቱ የተበተነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ተመልሷል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። የራሱን በግ ረኃብ እያየ በሩን ዘግቶ የቆየ ሕዝብ ራሱን መግዛት አያውቅም አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው።

በጊቱ መጀመሪያ ከመንጋው ትነጠላለች። ራሷን ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ሲቆይ መዞር ትጀምራለች፤ በዚያው ቦታ፥ ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን። ሣር ፊቷ እያለ አታየውም። ከግንብ ጋር ትጋጫለች። እረኛው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይስቃል፤ በሁለተኛው ቀን በድንጋይ ወርውሮ ሊመልሳት ይሞክራል፤ በሦስተኛው ቀን አቅፏት ያለቅሳል። አንዱ ጎረቤት ነፋስ መታት ይላል፤ ሌላው ዓይን ነው ይላል። ጠበል ይረጫል፤ ጆሮዋ ይተለተላል። በጊቱ ግን መዞሯን አትተውም፤ እየከሳች ትሄዳለች። በመጨረሻ አባት ቢላዋውን ያወጣል፤ ልጆቹን ውኃ ቅዱ ብሎ ከቤት ያስወጣል።

የበሽታው ምክንያት በሳይንስ የታወቀ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት የኮሶ ትል አለ። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይወድቃል። በጊቱ ሣሩን ስትግጥ ትውጠዋለች። ከአንጀቷ ወጥቶ በደም ተሸካሚነት ወደ አንጎሏ ይደርስና እዚያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ በወራት ውስጥ ያድጋል፤ አንጎሏንም ይጫናል፤ የምትዞረው ስለዚህ ነው። በከረጢቱ ውስጥ የብዙ ትሎች ራስ አለ። ውሻ ያን አንጎል ከበላ እያንዳንዱ ራስ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። ከዚያ እንቁላሉ እንደገና ወደ ሣሩ ይወርዳል። የራስ ቅሉን ከፍቶ ከረጢቱን ማውጣት ለሐኪም የሚቻል ነው፤ ነገር ግን በአንድ በግ ዋጋና በራቤል መንገድ ሲታሰብ ይህ ለብዙው ሰው የሚደረስበት አይደለም።

እንግዲህ ያ አንጎል ወደ ውሻው አፍ የሚደርሰው እንዴት ነው? በቸልተኝነት ነው የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ያቺ በግ በታረደችበት ቀን ቤቱ ሐዘን አለበት። ራሷ በሽታ የነበረበት ነውና ማንም ሊበላው አይወድም፤ መጣሉም ደግሞ ነውር ይመስላል። በደጅ ውሻው ተቀምጧል። ይህ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ጅብና ተኩላ ሲያባርር የሚያድር፥ ከበጎቹ ጋር አብሮ ያደገ፥ የቤቱ ባለውለታ ነው። ከበዓል ወደ በዓል ካልሆነ ሥጋ አይቀምስም። ስለዚህ ራሱ ለርሱ ይሰጠዋል። ይህ ደግነት ነው፤ ያውም በዚያ ቀን የተደረገው ብቸኛው ደግነት። በሽታው ከዚህ ደግነት በስተቀር ሌላ መሻገሪያ ብዙም የለውም።

አንድ ጊዜ አንድ መካሪ ወደ መንደራችን መጥቶ ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ «ስለዚህ ውሾቻችሁን ቀንሱ» አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከሄደ በኋላ አንድም ውሻ አልተነካም። ለምን ይነካል? ውሻው ከሌለ በጉን ጅብ ይበላዋል፤ ይህ የሒሳቡ ወገን ነው። ሌላም ወገን አለ፤ ባለውለታ አይገደልም። መካሪው የተናገረው ስለ ትሉ እውነት ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን ማን ማንን እንደሚወድ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ ምክሩ በሌላ መልክ ይነገር ነበር፤ «ውሻህን ከወደድክ ይህን ራስ አትስጠው፤ ትል ታበላዋለህ፤ በርሱም በኩል ቀሪዎቹን በጎችህን ትገድላለህ» ተብሎ። ይህን ቃል የሚሰማ ሰው በመንደራችን ሞልቷል።

በዓለም ላይ የእንስሳ በሽታ ጠፍቶ ያውቃል ወይ የሚል ቢኖር አዎን ጠፍቶ ያውቃል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ያመጣው የከብት በሽታ፥ በአማርኛ ስሙ ደስታ የተባለው (ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ ይሆን?) በክትባትና በትዕግሥት ተገፍቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። የአዙሪት ነገር ከዚያ የቀለለ ነው፤ ጉድጓድና አካፋ ነው የሚጠይቀው።

የአርቢ ሐዘን የድኻ አገር ነገር ነው የሚል ካለም አጭር መልስ አለን። በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ በገባ ጊዜ ከስድስት ሚሊዮን በላይ በጎችና ከብቶች በመንግሥት ትእዛዝ ታርደዋል። ገበሬዎቹ ካሣ ተከፍሏቸዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በሰሜን እንግሊዝ በከምብሪያ የተደረገ ጥናት፥ ጭንቀታቸውና ሐዘናቸው ከካሣው በኋላም እንደቆየ መዝግቧል። እዚያ ሐዘኑ ጥናት ሆነ፤ እዚህ «ኋላ ቀርነት» ይባላል። የእኛም ሽማግሌዎች ስለ 1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲያወጉ ስለ እህሉ ብዙ አይናገሩም። የሚናገሩት በገበያ ላይ ስለቀረቡት በጎች ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ለመሸጥ ሲያወጣ የበግ ዋጋ ወደቀ፥ የእህል ዋጋ ወጣ። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ምሁር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቀደመው ስለ ወሎና ስለ አርብቶ አደሩ ረኃብ ሲጽፍ ይህንኑ የዋጋ መገላበጥ አስረድቷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለዘር ብሎ አንዲት በግ ብቻ እንዳስቀረና ሌሊት ሌሊት ከጎኑ እንደሚያስተኛት ነግሮናል። ዛሬ በመንጋው ውስጥ ያሉት ሁሉ የርሷ ልጆች ናቸው ይላል፤ የትኛዋ ከማን እንደ ወረደች እየቆጠረ።

ከዚህ ስብሰባ የምንለምነው ነገር ጥቂት ነው። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን እንሄዳለን። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን፥ ስለ አዙሪት በአንድ ገጽ የሚያልቅ ጽሑፍ በባላገር አማርኛ አዘጋጁልን፤ በዚሁ በማኅበራችን ማባዣ እናባዛዋለን። መምህሮቻችን ደግሞ ለውሻ የሚሰጠው ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት ወደ ወረዳዎቹ የእንስሳት ጤና ኬላ የሚደርስበትን መንገድ እንድትመክሩን እንጠይቃለን። ጽሑፉ ሲዘጋጅ «ራሱን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ» ብሎ ብቻ አያቁም። እናቶቻችን ወዲያው የሚጠይቁትን እናውቃለንና፤ «እሺ፥ ለውሻው ታዲያ ምን እንስጠው?» ይላሉ። ለዚህ መልሱ ይጻፍ፤ ራሱ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፥ ጉበቱና ሳንባው በጥሬው አይሰጥ፥ የውሻው ድርሻ በደንብ ከተቀቀለ በኋላ ይሰጠው።

 ጥያቄ ያለው አሁን ሊጠይቀን ይችላል።